አባባ ለምን ሁለትን ተጫነ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ለወንድም ጋሼ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፍህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ነው የሚነሳው? ባለቤትህ ደህና ናት? ከሌሊት ፈረቃ ወጣች ወይስ እስካሁን በር ላይ ነው የምትገናኙት? ትልቋ መነጽሯን ማድረግ እሺ አለች? የትንሹ የፊት ጥርስ በቀለ? የባለቤትህ እናትስ ወገባቸው ተሻላቸው? ሁላችሁንም አንድ በአንድ እንደምን ናችሁ እላለሁ፤ አኩርፈህ የተቀመጥከውን አንተንም ጭምር።

እኔ ደህና ነኝ። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አሁንም አንሶላ እተኩሳለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን አሳምሮታል ይሉኛል፤ አላምናቸውም። አባባም ደህና ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ተመለከትኳት። ደህና ማለት ጠዋት ተነስቶ ፀጉር ቤቱን መክፈት፣ መስታወቱን መወልወል፣ የቀረበለትን መብላት ከሆነ፣ አዎ፣ ደህና ነው።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በስልክ ለጠየቅከው ጥያቄ ነው። ስልኩን የዘጋው አባባ አይደለም፤ አትቀየመው። እሱ ስልኩን ፎጣው ላይ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ወጣ። አንተ ፎጣው ላይ ሆነህ «ሁለት ጊዜ ዕድል ተሰጥቶህ! ሁለት ጊዜ! አንድን መጫን ምን ይከብዳል?» ትል ነበር። ወንበሩ ላይ ፊቱ አረፋ የተቀባ ደንበኛ ነበር፤ ሰውየው ምን ያድርግ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ አባባ «ያንቺ ይሆናል» ይለኛል። ያንተን ጥሪ ለይቶ ያውቃል፤ እያወቀ ነው።

እንግዲህ ልመልስልህ። መልሱን የማውቀው አይመስለኝም። ቤታችንና ፀጉር ቤቱ እንደሚፈርሱ ሰምተሃል፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ግን በስልክ የነገርንህ ሁሉ ቁርጥራጭ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህና አንተው ፍረድ። ወይም አትፍረድ።

መንገዳችንን አልረሳኸውም። ሁለት ረድፍ ቤቶች ፊት ለፊት፣ መሃላቸው ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ ትንፋሹን የሚይዝበት መንገድ። የላይ ረድፍ አጭር ነው፤ መሃሉ ላይ ጋሽ ምድጃ ዳቦ ቤታቸውንና መኖሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የታች ረድፍ እኛ ነን፤ እንበዛለን። ከእኛ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ራዲዮ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ቀስ በቀስ የሚባለው ጫማ ጠጋኝ፣ ከዚያ እስከ ጥጉ ድረስ የምታውቃቸው ሁሉ። መንገዱ ይሰፋል ሲባል ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ወሬውን እንደ ጉንፋን ለምዶት ነበር። ዘንድሮ እውነት ሆነ። የሚሰፋው በአንድ በኩል ብቻ ነው ተባለ። በየትኛው በኩል እንደሆነ ነዋሪው ራሱ ተመካክሮ ይወስን ተባለ።

ነዋሪው ይወስን ሲባል ደስ አለን። መወሰን የምናውቅበት ነገር ነው ብለን አሰብን።

አንተ ሳትሄድ የውሃ መስመር የገባ ጊዜ የተደረገውን አስታውስ። ቧንቧው በማን ግቢ ይለፍ ተብሎ በጋሽ ምድጃ ደጃፍ ተሰበሰብን። አባባ ተነሳና «በእኔ ግቢ ይቆፈር» አለ። እትዬ ራዲዮ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ምን ሲደረግ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ምድጃ «እኔ እያለሁ?» ብለው ተነሱ፤ እሳቸውም «አርፈህ ተቀመጥ» ተባሉ። ቀስ በቀስ ተነሳ፤ እሱም ተጎትቶ ተቀመጠ። እንዲህ እየተባለ ደጋግሞ ዞረ። አንተ ግድግዳ ተደግፈህ ትስቅ ነበር፤ «እነዚህ ሰዎች ሲግደረደሩ ቧንቧው ይዝጋል» ያልከኝን አልረሳሁትም። ግን በመጨረሻ ቧንቧው ያለፈው ቁፋሮውን ሊሸከም በሚችል ሰው ግቢ ነው። ሊሸከም የማይችለውም «በእኔ ይሁን» ብሎ ነበር፤ ክብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ሰው «በእኔ ይሁን» ሲል አንዱ ከልቡ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ «እባካችሁ አይሆንም በሉኝ» እያለ ይለዋል። ድምፁ ላይ ይታወቃል። እትዬ ራዲዮ «ምን ሲደረግ» የሚሉትን የማንን ጠበቅ፣ የማንን ላላ አድርገው እንደሚሉት ያውቁ ነበር። ሥራቸው ያ ነበር፤ ከልብስ ስፌቱ ይልቅ ያ።

አሁን ስጽፈው ነው እንዲህ የገባኝ። ያኔ እኔም እስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። በሩ ላይ እንደ ሐኪም ቦርሳ የሚዘረጋ ነገር ተሰቅሏል፤ ኪስ በኪስ ነው፤ በየኪሱ አንድ አንድ ትንሽ ነጭ ዕቃ። ከመዳፍ ያንሳል፣ የላስቲክ ቁጥሮች አሉት። በማይክሮፎን «የድምፅ መስጫ መሣሪያ» ይሉታል፤ ሰው ሁሉ ሪሞት ነው ያለው። ለአንድ ቤት አንድ። አባባ ተቀብሎ እንደ አዲስ ምላጭ ከፊት ከኋላው አገላብጦ አየው። «ባትሪው እንዳያልቅ ቀስ ብለህ ተጫን» አለው ቀስ በቀስ። እትዬ ራዲዮ ደግሞ «ይሄ ነገር ቤት ወስጄ ቴሌቪዥኔን ያበራልኛል?» ብለው ጠየቁ፤ ሳቅ ሆነ።

ማይክሮፎን የያዘችው ልጅ ቅን ልጅ ናት። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ ሰው ሁሉ ረገማት። በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው ሰዎች እንደሆኑ፣ ዝምተኛው ግን ሳይሰማ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ አሁን ግን ሁሉም እኩል እንደሆነ ነገረችን። «ማንም ማንንም አያይም፣ ማንም ማንንም አያፍርም፤ የልባችሁን ተጫኑ» አለች። ለመለማመጃ ከውሻና ከድመት የቱን እንደምንወድ ጠየቀችን። ግድግዳው ላይ በብርሃን የተጣለ ሰዓት ወደ ታች ቆጠረ፣ ሁለት ቀለም እንደ ዳቦ ሊጥ እያበጠ ወጣ፣ ድመት አሸነፈች። ከዚያ አጠቃቀሙ ገብቷችሁ እንደሆነ ተባልን። ከጥቂት ሰው በቀር ሁሉም ገብቶኛል ብሎ ተጫነ። ያልገባቸው እነማን እንደነበሩ አላውቅም። ምናልባት የገባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ እውነተኛው ጥያቄ መጣ። መንገዱ በየት በኩል ይስፋ? አንድ፣ በላይ ረድፍ። ሁለት፣ በታች ረድፍ።

አባባ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በእኛ በኩል ይሁን» ሊል አፉን ሲከፍት ልጅቷ በፈገግታ «አባቴ፣ አይናገሩት፤ ይጫኑት» አለችው። ተቀመጠ። አጠገቡ ጋሽ ምድጃ ነበሩ። አባባ ሪሞቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አድርጎ፣ እንዲያዩት፣ ሁለትን ተጫነ። ጋሽ ምድጃ «ኧረ ተው አንተ ሰው» ብለው የራሳቸውን ወደ አባባ አዘንብለው አንድን ተጫኑ። አባባ «በፍጹም!» አለ። ተሳሳቁ። ዞር ብዬ አዳራሹን አየሁ፤ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር። አውራ ጣቱን ለጎረቤቱ እያሳየ፣ «ኧረ በሞቴ» እየተባባለ፣ የገዛ ቤቱን ይጫናል።

ቀለሞቹ ወጡ። የታች ረድፍ፣ ስድሳ ሦስት ከመቶ።

ጠበቅን። ወንድም ጋሼ፣ ነገሩ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ዙር ይጠብቅ ነበር። «አይሆንም» የሚባልበትን። እትዬ ራዲዮ አፋቸውን አዘጋጅተው፣ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ልጅቷ አጨበጨበች። «ውሳኔያችሁ ግልጽ ነው፤ እናመሰግናለን» አለች። ወዲያው ግድግዳው ላይ ቀጣዩ ጥያቄ በራ፤ በአዲሱ መንገድ ዳር ዛፍ ይተከል ወይስ አበባ? ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ከድንጋጤ ብዛት ሁሉም ተጫነ። ዛፍ ሆነ።

መሣሪያው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰማው፤ የመጀመሪያውን። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቃላችን እውነቱን ተናግረን አናውቅም። ውሸትም አይደለም። በር ከፍተህ ለሌላው «ቅደም» እንደማለት ነው፤ ሌላው «አንተ ቅደም» እስኪልህ። እዚያ አዳራሽ ሁላችንም «ቅደም» አልን፣ በሩም ተዘጋ። ሁሉም ለራሱ ቢያስብ ኖሮ እኛ ስለምንበዛ የሚፈርሰው የላይ ረድፍ ነበር። ሁሉም ጨዋ ስለሆነ፣ እኛ ስለምንበዛ፣ እኛው ተሸነፍን። ይህን ስንት ጊዜ አንሶላ እየተኮስኩ አሰብኩት። እንፋሎቱ ይነሳል፣ አንሶላው ይታጠፋል፣ ሒሳቡ ያው ነው።

በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፤ አባባ፣ እትዬ ራዲዮና ጋሽ ምድጃ። እኔም ተከተልኩ። ጋሽ ምድጃ ማንም ሳይጠራቸው ነው ዱቄታቸውን አራግፈው የመጡት። ስብሰባውን ያዘጋጀው ሰብሳቢ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ምሳውን እየበላ ነበር፤ ደህና ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። አባባ ሊያስረዳው ሞከረ። «የተጫንኩት እንዲፈርስ ብዬ አይደለም» አለው። «ታዲያ አባቴ፣ የማይፈልጉትን ለምን ይጫናሉ?» አለ ሰብሳቢው። አባባ «አይሆንም የሚለኝ ሰው ይኖራል ብዬ ነው» አለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ አየ፤ አባትሽ ያማቸዋል ወይ እንደማለት። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ያንተ ጥያቄ የሰውየው ጥያቄ ነው፤ እሑድ ዕለት ስትጮህ የሰማሁት የእሱን ድምፅ ነው። አትቆጣኝ።

ሰብሳቢው እጁን እየጠረገ፣ ሁለቱም ረድፎች አንድ ላይ ከጠየቁ ድጋሚ ሊደረግ እንደሚችል ነገረን። የላይ ረድፍ እንደማይጠይቅ እርግጠኛ ስለነበር በቸርነት ነው የተናገረው። ጋሽ ምድጃ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሳያስጨርሱት «እኛም እንጠይቃለን!» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የደነገጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቆባቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው እንደ ሊጥ ያሹት ጀመር።

እስከ ሁለተኛው ስብሰባ ድረስ መንገዳችን ላይ የነበረውን ዝምታ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ሰላምታ አጠረ። ድሮ ልጁ፣ ከብቱ፣ ጉንፋኑ ሁሉ ተጠይቆ የማያልቀው ሰላምታ «ደህና?» «ደህና» ሆነ። የስድሳ ሦስቱን ነገር እያንዳንዱ በየቤቱ ይመነዝረው ጀመር። ከላይ ረድፍ ማን ይሆን እኛ ላይ የተጫነው? ከእኛስ ማን ነው ለራሱ ያሰበ? መሣሪያው የማንንም ስም አይናገርም። ስም ስለሌለው የሚጠረጠረው ሁሉም ሰው ሆነ።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ አባባ የጋሽ ምድጃን ባለቤት ፀጉር ሊቆርጥ ሄደ። አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ አንተ ስትሄድ ገና እየተራመዱ ነበር። ሐኪሙ ከቤት እንዳይንቀሳቀሱ ብሏል። አባባ በየወሩ መቀሱን በፎጣ ጠቅልሎ ይሄድላቸዋል፤ እኔ ውሃ እይዛለሁ። ክፍላቸው ከምድጃው ጀርባ ስለሆነ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ጋሽ ምድጃ በር ላይ ቆመው አንዴ ገባ፣ አንዴ ወጣ ይላሉ። ሴትዮዋ በትንሽ መስታወት ራሳቸውን አዩና «እጥር አድርገው፤ ለመንገድ እንዲመቸኝ» አሉት። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። አባባ ሳቀላቸው። «የት ሊሄዱ?» አላቸው። «እናንተ ወደምትልኩኝ» አሉ። ፀጉራቸው ሳስቶ የልጅ ፀጉር ሆኗል። አባባ ከወትሮው ይልቅ ቆየ፤ የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር መቀሱን በአየር ላይ ያንቀሳቅስ ነበር።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት የታች ረድፍ ሰው በእኛ ፀጉር ቤት ተሰበሰበ። ወንበሮቹ ሞልተው ሰው የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሁሉ ተቀመጠ። እትዬ ራዲዮ መሃል ቆመው «ነገ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም! ሁላችንም አንድን! እጁ የሚንቀጠቀጥ ካለ አሁን ይናገር!» አሉ። ቀስ በቀስ «እኔ እንኳ እሺ ብያለሁ፤ ጣቴን አላማከርኩትም» አለ። ሳቁ። ሁሉም «እሺ» አለ። ቶሎ አለ። ሳይደገም፣ ማንም ሳይለመን። እሺታው ሲፈጥን ደስ አላለኝም። አባባም መስታወቱን ተደግፎ «እሺ» አለ።

ሁለተኛው ቀን፣ ያው አዳራሽ፣ ያው ቦርሳ። የመለማመጃ ጥያቄ አልነበረም። ሰው ጎረቤቱን መርጦ አልተቀመጠም። ጋሽ ምድጃ ከፊታችን ባለው ረድፍ ተቀመጡ፤ ሲያልፉ አባባን በትከሻቸው ነክተውት ነው ያለፉት፤ ይቅርታ ይሁን ሰላምታ አልለየሁም። ልጅቷ ጥያቄውን በዝግታ አነበበች። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ጋሽ ምድጃ ሪሞቱን ኮታቸው ሥር አስገቡ። ከኋላ ሆኜ የትከሻቸውን አጥንት አየሁት፤ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ተመለሰ። ጭንቅላታቸውን ቀብረው ቀሩ።

አባባ ያንን አይቷል። እኔ ያየሁትን ነው ያየው። የእሱ አውራ ጣት ሁለት ላይ ነበር።

እጁን ያዝኩት። እጄን በቀስታ አነሳው፣ ደንበኛ ሲነቃነቅበት ጭንቅላቱን ይዞ እንደሚያስተካክለው አድርጎ፣ ሳይከፋው። ተጫነ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ይኸው ነው። ለምን እንደተጫነ ብትጠይቀኝ፣ የመጀመሪያው ከይሉኝታ ነበር፤ ሁለተኛው ከምን እንደሆነ አላውቅም። ከሴትዮዋ ፀጉር ይሁን፣ ከጋሽ ምድጃ ትከሻ፣ ወይስ ዕድሜ ልኩን ያንን ብቻ ስለሚችል። ጠይቄው «ተጫንኩት እኮ» ነው ያለኝ፤ እንዴት እንደወደቀ እንደማያውቅ ሰው።

የታች ረድፍ፣ ሰማንያ ስምንት ከመቶ።

ማንም አላጨበጨበም። ልጅቷም ጭምር። ቁጥሩን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ የላይ ረድፍ ሰው በዚህኛው ጊዜ በእኛ ላይ ተጭኗል፣ እኛ ደግሞ ማታ እሺ ብለን አድረን እንደገና በራሳችን ላይ ተጫንን። ለእትዬ ራዲዮ እሺ ያልነውም ከይሉኝታ ነበር ማለት ነው። እትዬ ራዲዮ ድንገት ተነሱና «ምን ሲደረግ!» ብለው ጮኹ። ዓመታት ሙሉ የሠራ ቃል ነበር። ልጅቷ ወደ መሬት እያየች «እናቴ፣ ምርጫው ተዘግቷል» አለቻቸው። ቆመው ቀሩ። በኋላ ሲነግሩኝ እሳቸውም የተጫኑት ሁለትን ነው፤ «የምድጃ ሚስት ዓይኔ ላይ መጣችብኝ» አሉ፤ ከዚያ ደግሞ በራሳቸው ተናደው ለቀናት አላናገሩኝም።

ስንወጣ ሪሞቶቹ ወደ ኪሳቸው ተመለሱ። አባባ የእኛን በመሐረቡ ጠርጎ ነው የመለሰው።

ጠበቃ ያዙ ብለሃል። ጠበቃው ምን ብሎ ይከራከር? ደንበኞቼ ሁለት ጊዜ በገዛ እጃቸው ተጭነዋል፤ ግን ጨዋ ስለሆኑ አይቆጠርባቸው ይበል? እትዬ ራዲዮ አንዱን አማክረው ነበር፤ ሰውየው ካዳመጠ በኋላ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠይቆ፣ ሊያየው እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ እንዲህ ያለ ሰፈር አይቶ ስለማያውቅ።

ቀያሾቹ መጥተው ነበር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገብተው ከመስታወቱ እስከ ደጃፍ በሜትር ሲለኩ አለቃቸው ጢሙ አድጎ ስለነበር አባባ «ይቀመጡ» አለው። ተቀመጠ። አባባ ሲላጨው ረዳቱ ሜትሩን በወንበሩ ሥር አሳለፈ፤ አባባም ሰውየውን «እግርዎን አንዴ ያንሱለት» አለው። ሰውየው አነሳ። ከክረምቱ በፊት እንለቃለን። የተሰጠን ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሄደን አየነው፤ ግድግዳው አዲስ ነው፣ ውሃ አለው፣ ብርሃንም አለው። ለመላጨት አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ግን አይኖርም። የፀጉር ቤቱ የብረት ወንበርም በደረጃው መታጠፊያ አያልፍም። አባባ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ታች ሲያይ ቆየ። «ከዚህ የሰው አናት ነው የሚታየው» አለ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ልንገርህ አልንገርህ ስል ነበር። የላይ ረድፍ ሰዎች ለፀጉር ወደ እኛ መምጣት ተዉ። ጠልተውን አይደለም፤ አፍረው። ታክሲ ይዘው ሩቅ ሄደው ተቆርጠው፣ ተበላሽተው ይመለሳሉ። አባባ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያልፉ ያያቸዋል። ቤቱን ሲያጣ ያልሰማሁትን ድምፅ ያኔ ነው የሰማሁት። «ያንን ጎኑን ማን ነው የበላበት?» ይላል። «እዪ፣ እዪ፣ አንገቱን እንደ አጥር አድርገውት!» አንድ ጠዋት ጋሽ ምድጃ ሲያልፉ በልማድ ቆባቸውን አንስተው ሰላም ሊሉ ሆነ፤ አባባ ከቆቡ ሥር ያለውን አየ። መንገዱን ተሻግሮ ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ አንሶላውን አንገታቸው ላይ አሰረላቸው። ጋሽ ምድጃ በመስታወቱ ውስጥ እሱን ላለማየት እጃቸውን ያዩ ነበር። «ያን ቀን እኔ…» ብለው ጀመሩ። አባባ «ቀና በል» አላቸው። ቀና አሉ። ተስተካክለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል ነው የሚሄዱት። ታረቁ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ያጣላቸው ነገር እኮ የለም፤ መታረቂያውም የለም።

እንግዲህ የማውቀው ይኸው ነው። አንተ እዚያ አዳራሽ ብትኖር ምን ትጫን ነበር? በሄድክበት ቀን አውቶቡስ በር ላይ ቆመህ «ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» ስትል አውቶቡሱ ያመለጠህ ሰው አንተ ነህ፤ አባባ እስከ ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ እየሳቀ ይናገረዋል። ይናገረው ነበር። ደውልለት። ስለ ቁጥሩ አትጠይቀው። ባያነሳም ደውልለት፤ ሲጮህ መስማቱ አይከፋም። የተሻለ ቤት ታገኙ ይሆናል፣ ይሻሻላል አትበለው፤ እኔም ማለት ትቻለሁ። እንዲህ ስለው በእሺታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፣ እንዳይከፋኝ ብሎ።

ለባለቤትህ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ትረፍ፣ እንቅልፍ ታግኝ። ትልቋን መነጽሩ እንዴት እንደሚያምርባት ሳላይ አምኛለሁ በላት። ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። ለባለቤትህ እናት ስለ ወገባቸው እየጸለይኩ እንደሆነ ንገርልኝ። እትዬ ራዲዮ ሰላም ብለውሃል፤ ድሮ ቢሆን ሰላምታቸው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ አሁን «ሰላም በይልኝ» ብቻ ነው ያሉት። ቀስ በቀስ ጫማህ ቁጥሩ አርባ አንድ መሆኑን እንዳልረሳሁ ንገሪው ብሏል። ጋሽ ምድጃ ሰላምታ አልላኩም።

አባባ ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላለም። ለአንተ እየጻፍኩ እንደሆነ ነግሬው ምላጭ ማጠቡን ቀጠለ። ቆይቶ ግን ፊቱን ሳያዞር «እዚያ ፀጉሩን ማን ነው የሚቆርጥለት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ውሃውን ዘጋ። «ከጀርባው በግራ በኩል ፀጉሩ ወደ ላይ ነው የሚበቅለው» አለ፤ «ካልነገራቸው አያውቁም።»

እህትህ

ከፀጉር ቤቱ፣ መስኮቱ አጠገብ
ረቡዕ ጠዋት